ከአሸተን ማርያም ምን ይዞ መውረድ ይገባል?

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከቋጥኝ የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊት፣ ማለትም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ትረካ፣ ሥራዋ በንጉሥ ላሊበላ ተጀምሮ በወንድሙ ልጅ በነአኩቶ ለአብ እንደተፈጸመ ይናገራል። ወደ እርሷ የሚወጣ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ገደሉን እየታከከ ተጉዞ፣ በመጨረሻም በዓለቱ ውስጥ በተቀደደ ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ይደርሳል። ከሚደርሱት አንዳንዶቹ ስእለት ያለባቸው፣ ደጁን ስመው፣ ጸበል ጠጥተውና እምነት ተቀብተው የሚመለሱ ተሳላሚዎች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሕንፃውን፣ መስቀሉንና ብራናውን፣ ከዚያም አልፈው በተራራው የሚኖረውን አውሬና ዕፅ ለማየት የመጡ ጎብኚዎች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በመጡበት ዓላማ ቢለያዩም ባዶ እጁን መውረድ የሚፈልግ ከሁለቱም እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ከተቀደሰና ከተጠበቀ ስፍራ ምን መውሰድ ይፈቀዳል፣ ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በመግቢያ በር ላይ በሚለጠፍ ደንብ ብቻ የሚፈታ አይሆንም። ጥያቄው ቅዱስ ነገር የማን ነው የሚለውን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ስለ ተራራው አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ገበሬው ገብስ እስከሚዘራበት የመጨረሻ ከፍታ ድረስ እርሻ ይከበዋል፤ ከእርሻው በላይ ግን ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት የውርጭ ምድር አለ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ከፍታ የሰማይ ደሴት ይሉታል፤ በዙሪያው ያለው ሞቃትና የታረሰ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ለዚያ ከፍታ ፍጡራን እንደ ባሕር የማይሻገሩት ሆኖ ስለሚለያቸው ነው። ቀይ ቀበሮ በዚህ ዓይነት ደሴት ላይ ከሚኖሩት አንዱ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ፣ በሀገሪቱም ውስጥ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመት፣ ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ተራሮችም ጥቂቱ ብቻ የቀረ አውሬ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ከእርሱ በቁጥር ይበልጣል፤ ቀን በሜዳው ሣር እየነጨ ውሎ ሌሊት በገደል ላይ ያድራል። ጅብራ ደግሞ ብዙ ዓመት ያለ አበባ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ዘሩን በትኖ የሚሞት ተክል ነው፤ በዚያች አንዲት አበባ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። ከዚህ ምድር ጋር የምትዋሰነው አሸተን ማርያም እንግዲህ በሁለት ዓይነት አጥር የተከለለች ናት ማለት ይቻላል፤ አንዱን ያጠረው ሃይማኖት ነው፣ ሌላውን ያጠረው ከፍታ ነው። ሰው ሁለቱንም ይሻገራል።

የባሕር ደሴቶች ይህን ጥያቄ ከተራሮች ቀድመው በሕግ መልክ ገጥመውታል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ የምትገኘው ሳኒቤል፣ ከዋናው ምድር ፊት ለፊት ተዘርግተው የባሕሩን ዳር ከማዕበል ከሚከልሉት የአሸዋ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ደሴቶች ከጠረፉ ጋር ትይዩ ሲዘረጉ እርሷ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ተጋድማ ስለተቀመጠች ሞገዱ የሚያመጣው ዛጎል በዳርቻዋ ይከማቻል። ከዓለም ዙሪያ ዛጎል ለመልቀም ሰው የሚጎርፍባት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የዱር አራዊት መጠለያ ተከልሎባታል፣ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ደግሞ በውስጡ ሕይወት ያለበትን ዛጎል መውሰድ በሕግ ተከልክሏል። ባዶው ዛጎል ግን ይፈቀዳል። ደንቡ በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ነፍስ ያለው የራሱ ነው፣ ነፍስ የወጣው የአንሺው ነው።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ሙሴ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ወይም ከእንቁላሎቿ ጋር አብሮ እንዳይወስድ፣ እናቲቱን ለቅቆ ልጆቹን ብቻ እንዲወስድ ያዝዛል፣ ለዚህም ትእዛዝ መልካም ነገርንና ረጅም ዕድሜን ተስፋ ይሰጣል። ሕጉ ሰው ከፍጥረት እንዲጠቀም ፈቅዶ ምንጩን እንዳያደርቅ ይከለክለዋል፤ የሚወሰደው ነገር መጠኑ ሳይሆን የሚቀረው ነገር ተመልሶ መውለድ መቻሉ መለኪያው ነው። ለትንሽ ወፍ የተሰጠው ተስፋ አባትና እናትን ለሚያከብር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ያለ አንባቢ፣ ሕግ ሰጪው ነገሩን እንደ ተራ ነገር እንዳልቆጠረው ይረዳል።

ሆኖም የሳኒቤል ደንብ በአንድ ቦታ ላይ ደካማ ነው፤ ባዶ የተባለው ዛጎል በእርግጥ ባዶ ስላልሆነ። የራሱ ጽኑ ቅርፊት የሌለው የሸርጣን ዓይነት ሌላ እንስሳ ትቶት የሄደውን ዛጎል ቤቱ አድርጎ ሲኖር፣ ሲያድግም ወደሚሰፋው ሲዛወር ይኖራል፤ የተሰበረውም ዛጎል ቀስ በቀስ ደቅቆ የደሴቲቱ አሸዋ ይሆናል። በስፔን የካታሎንያ ጠረፍ በሚገኘው ያርጋ በተባለ የባሕር ዳርቻ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ የጎብኚው ቁጥር ሦስት እጥፍ ያህል ሲጨምር በዳርቻው የሚገኘው ዛጎል ከ60 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። እያንዳንዱ ሰው የሚያነሣው ጥቂት፣ ያውም የሞተ ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ፍልስፍናዊ ነጥብ ከሸርጣኑ ይሰፋል፤ አንድ ነገር ለአንዱ ማብቃቱ ለሁሉም ማብቃቱ አይደለም፣ ስለዚህም ጌታ የሌለው የሚመስል ነገር ሁሉ እጅ እንዲዘረጋበት የተተወ ነው ማለት አይቻልም። በቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ማለትም በግቢው ባለው ደን ውስጥ፣ የወደቀ ዛፍ እንኳ ያለ ፈቃድ የማይነሣው፣ ለማገዶ እጅግ በሚቸገሩ መንደሮች መካከል ጥንታዊ ወይራና ጥድ ቆሞ የሚታየውም ይህ ማስተዋል ከፍርሃተ እግዚአብሔር ጋር ተዋሕዶ ስለኖረ ነው።

የሞተና ያልሞተ የሚለው መለያ ካልበቃ ሌላ መለያ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ ለዚህም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ከሚገኘው ከንዕማን ታሪክ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ንዕማን የሶርያ የጦር አለቃ ነበረ፤ ከለምጹ ለመንጻት ወደ ነቢዩ ወደ ኤልሳዕ መጥቶ በዮርዳኖስ ከታጠበና ከነጻ በኋላ ለነቢዩ ብዙ ስጦታ አቀረበ፣ ነቢዩ ግን አልቀበልም አለ። ንዕማንም በሀገሩ ሆኖ የእስራኤልን አምላክ የሚያመልክበት ሁለት በቅሎ የሚሸከመው አፈር እንዲሰጠው ለመነ፣ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። ይህ ሰው በዛሬው አነጋገር የውጭ ሀገር እንግዳ ነው፤ ሃይማኖቱ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ የመጣውም ለራሱ ጥቅም ነው፤ ሆኖም ከቅድስት ምድር አፈር ጭኖ ሲሄድ ሌባ አልተባለም። ያልተባለበት ምክንያት ሦስት ነው፤ አስቀድሞ ጠየቀ፣ የወሰደው ነገር የምንጩን ምንጭነት አላጎደለም፣ የወሰደበትም ዓላማ ከወሰደበት ስፍራ ክብር ጋር የተስማማ ነበር።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እምነት የሚባለው የተባረከ አፈር ወይም አመድ፣ ጸበል የሚባለውም የተባረከ ውኃ በዚሁ ሥርዓት ይታያል። ተሳላሚው ከአሸተን ወይም በታች ካሉት ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እምነት ቋጥሮ፣ ጸበል በጀሪካን ቀድቶ ሲሄድ ቦታው አይጎድልም፣ በካህኑ እጅ ተባርኮ የተሰጠው ነውና፤ የታመመች እናቱን ወይም መምጣት ያልቻለች ጎረቤቱን አስቦ የያዘው ስለሆነም በእርሱ ዘንድ አይቀርም። በአውሮፓም በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ትውፊት ላሊበላ ተወልዶ አደገ በሚልበት ዘመን፣ በስፔን ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር የሄዱ ተሳላሚዎች የባሕር ዛጎል በልብሳቸው ላይ ሰፍተው ይመለሱ ነበር፤ ዛጎሉ መንገዱን ለመፈጸማቸው ምስክር ነበር። (በኢትዮጵያ ደጋ ዛጎል የታወቀው በሌላ መንገድ ነው፤ ከባሕር በነጋዴ ጀርባ ወጥቶ አንቀልባ ማስጌጫ፣ እንዲሁም ቤተ ክርስቲያን የምትቃወመው የጥንቆላ መሣሪያ ሆኗል፤ አንድ ነገር በሄደበት ሁሉ የመጣበትን ክብር ይዞ እንደማይሄድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።)

የንዕማን ታሪክ ግን በንዕማን አያበቃም፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሁለተኛው ክፍሉ ከመጀመሪያው ይልቅ የጠነከረ ነው። የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ጌታው የናቀውን ብርና ልብስ ተመኝቶ ከእንግዳው ኋላ ሮጠ፣ በነቢዩ ስም ዋሽቶ ተቀበለ፣ ከንዕማን የለቀቀውም ለምጽ በእርሱ ላይ ወጣ። እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት የመውሰድ ዓይነት አለ፤ እንግዳው ከስፍራው የወሰደው ተፈቅዶለት ሲሄድ፣ የስፍራው ሰው ከእንግዳው የወሰደው ተፈርዶበታል። ስለ ጎብኚ በደል ብዙ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል አያነሡትም። የቅዱስ ስፍራ ጠባቂ መሆን የስፍራው ባለቤት መሆን አይደለምና፣ ካህኑም፣ አስጎብኚውም፣ የበቅሎ ባለቤቱም በማርያም ስም የሚቀበሉት እያንዳንዱ ብር የግያዝን ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህ ግን ምንም መቀበል የለባቸውም ማለት እንዳልሆነ በኋላ ይታያል።

ያለ ሰጪ የሚወሰድ ቅዱስ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ እርም ይባላል፤ እርም ለእግዚአብሔር ተለይቶ ለሰው የተከለከለ ነገር ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 7 አካን ከኢያሪኮ ምርኮ ካባ፣ ብርና ወርቅ በድንኳኑ ቀብሮ መላውን ሕዝብ ለሽንፈት አሳልፎ እንደሰጠ ይተረካል። ለላስታ ሰው ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከቤተ መድኃኔ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰረቀው፣ አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል ባሕር ተሻግሮ ቤልጅየም ከሚኖር ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2001 ነበር የተመለሰው። ከላስታ በስተ ደቡብ ባለችው በመቅደላም እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ታቦታትን፣ ብራናዎችንና መስቀሎችን ጭኖ ሄዷል። ከእነዚያ ታቦታት አንዱ በኤድንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ደግሞ ሠራተኞቹ እንኳ በማይገቡበት ክፍል ተዘግተው ተቀምጠዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር እንግዳ ፍርድ ነው፤ ሙዚየሙ ታቦቱን ማየት እንደማይገባ አምኖ መያዝ ግን እንደሚገባ ያመነ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ መቅረቡ አይቀርም። የኢትዮጵያ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ራሳቸውን ያዩበት ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ ዋና ትረካው የተወሰደ ቅዱስ ነገር አይደለምን? የሰሎሞን ልጅ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ አብረውት የመጡት የካህናት ልጆች ታቦተ ጽዮንን ከመቅደሱ አውጥተው ወስደዋል፤ ይህ ከአካን ሥራ በምን ይለያል? የመጽሐፉ መልስ ታቦቲቱ በሰው እጅ ብትነሣም በፈጣሪ ፈቃድ ሄደች፣ ፈቃዱ ባይሆን ኖሮ ማንም ሊያነሣት አይችልም ነበር የሚል ነው። መልሱ በሃይማኖት ዘንድ የጸና ነው፤ ለሕግ ግን አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የተሳካለት ወሳጅ ሁሉ ስኬቱን እንደ ፈቃድ ሊቆጥረው ይችላልና። ስለዚህ የክብረ ነገሥትን ትረካ እንደ አንድ ጊዜ ምሥጢር መያዝ እንጂ እንደ ደንብ መያዝ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ቢሆን የራሷን ንዋያተ ቅድሳት ሲወሰዱባት እንዲህ ያለ ማመካኛ ተቀብላ አታውቅም።

ከዚያ ይልቅ ላስታ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው የራሷ መልስ በድንጋይ ላይ ይታያል። ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሳላዲን እጅ ከገባች በኋላ የነገሠው ወይም በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ የነበረው ላሊበላ፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ለሕዝቡ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም አዘጋጀ፤ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፣ ጎልጎታና ደብረ ዘይትም በላስታ ምድር ስም አገኙ። ከኢየሩሳሌም አንድም ድንጋይ መጉደሉን የሚናገር የለም። የተወሰደው አርአያ፣ ማለትም የአሠራሩ መልክና የስሙ መታሰቢያ ነው፣ ዋጋውም በራስ ቋጥኝና በራስ ላብ ተከፈለ፤ ከቋጥኝ ሕንፃ ሲፈለፈል የሚጨመር ነገር የለም፣ ከራስ ተራራ የሚቀነስ ብቻ ነው። ይህ የመውሰድ ዓይነት ከሁሉ የበለጠ መሆኑን መናገር ድፍረት አይሆንም፤ ተሳላሚ ከሄደበት ስፍራ ይዞት ሊመለስ ከሚችለው ሁሉ በቤቱ የሚሠራበትን የሚያህል የለም።

የዘመኑ ጎብኚ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ እኔን አይመለከተኝም ሊል ይችላል፤ እርሱ ፎቶግራፍ ብቻ እንጂ አፈርም መስቀልም አልወሰደምና። ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ማየት መውሰድ ነውን? በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 6 የቤትሳሚስ ሰዎች ከፍልስጥኤማውያን ምድር የተመለሰችውን ታቦት በደስታ ተቀብለው መሥዋዕት ካቀረቡ በኋላ የተቀሠፉት ወደ ውስጧ ስለተመለከቱ ነው፤ አልሰረቁም፣ አላረከሱም። በዚህ ትምህርት ዓይን እጅ ነው፤ የሚያየው ነገር ከሚያየው ሰው በታች እንዲሆን፣ ለዕውቀቱና ለፍላጎቱ እንዲገዛ ያደርጋል። ታቦት ተሸፍኖ የሚወጣው፣ መቅደስ በመጋረጃ የሚለየው ስለዚህ ነው፤ ጎብኚ በቅኔ ማኅሌቱ፣ ማለትም መዘምራን በሚቆሙበት በውጨኛው የቤተ ክርስቲያን ክፍል፣ ቆሞ ወደ መቅደሱ ዘልቆ ማየት አለመቻሉ የእንግዳ አቀባበል ጉድለት ሳይሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

ነገር ግን ሁሉም የተሸፈነ አይደለም፤ መስቀል እንዲሳለሙት ይወጣል፣ ሥዕል እንዲታይ ተሥሏል፣ ብራና እንዲነበብ ተጽፏል። በአሸተን ማርያም ካህናቱ የቆዩ መስቀሎችንና ሥዕል ያለባቸውን ብራናዎች ወደ ብርሃን አውጥተው ለእንግዳ ማሳየት ልማዳቸው ሆኗል፣ የእነዚህ ፎቶግራፎችም ዓለምን ዞረዋል። ብራና ግን ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ በእርጥበትና በድርቀት ይኮማተራል፣ ይዘረጋልም፤ በላዩ ያለው ቀለም ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይፈረፈራል፤ ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ እየተደመረ የሚሄድ እንጂ በጨለማ ሲቀመጥ የሚድን አይደለም። ለመቀደስ የተጻፈ መጽሐፍ በዓመቱ በተወሰኑ ቀናት ይገለጥ የነበረው አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር በከፍታው ፀሐይ ፊት ይገለጣል። ምንም አልወሰድኩም የሚለው ጎብኚ እንግዲህ ከቀለሙ ጥቂት ወስዷል፤ ባዶ ዛጎል እንዳነሣው ሰው፣ የእርሱ ድርሻ ብቻውን ሲታይ አይታወቅም፣ ሲጠራቀም ግን ገጹን ያነጣዋል።

በተራራው አናት ያለው ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ቀይ ቀበሮን የሚያጠፋው የአዳኝ ጥይት ሳይሆን ሰውን ተከትሎ የሚወጣው ውሻ የሚያስተላልፈው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ በተነሡት ወረርሽኞች ታይቷል፤ ማለትም ክፉ ሐሳብ የሌለው እረኛና ክፉ ሐሳብ የሌለው እንግዳ በመገኘታቸው ብቻ ሊጎዱ ይችላሉ። የላስታ ሰዎች በአቡነ ዮሴፍ ዙሪያ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ እንዲከለል ተስማምተው ከግጦሹ ከፊሉን የተዉት ሣሩ ለእነርሱ ሳያስፈልጋቸው ቀርቶ አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ስምምነት የቀደመ ምሳሌ በመንዝ ጓሳ ይገኛል፤ በዚያ ቄሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ከፍቶ እያሳጨደ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ለብዙ ትውልድ ሠርቷል። በዱር ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ይህ ምድራዊ መልስ ነው፤ ሰጪው ራሱ የተቀበለ መሆኑን የማይረሳና ገና ላልተወለደው ድርሻ የሚያስቀር ማኅበር ነው። የሰማያዊውን ሰጪ ፈቃድ ሰው የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ማኅበር አማካይነት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ እንግዳ ይከልከል የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ሰው ቢኖር ያለፉትን ዓመታት መመልከት ይበቃዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ላሊበላ እንግዳ አጥታ ስትሰነብት፣ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ የበቅሎ ባለቤቱና ከእንግዳ በሚገኘው ገቢ የሚረዳው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በአንድነት ተቸግረዋል። ኤልሳዕ የንዕማንን ወርቅ መመለስ የቻለው ሌላ መተዳደሪያ ስለነበረው ሊሆን ይችላል፤ በአሸተን ገደል ላይ ጠፍ መሬት የሚያርስ ካህን ይህ ምርጫ የለውም፣ የሐዲስ ኪዳን ሐዋርያም መሠዊያውን የሚያገለግል ከመሠዊያው እንዲካፈል ፈቅዷል። በግያዝ የተፈረደበት ክፍያ መቀበሉ ሳይሆን ያልተላከበትን በላኪው ስም መጠየቁና መደበቁ ነው። በግልጽ የተነገረ፣ ለሁሉም እኩል የሆነና ለደብሩ የሚገባ ክፍያ ከዚህ ፍርድ ነጻ ነው፤ ከዚያ ውጭ በጓዳ የሚጠየቀው ግን ነጻ አይደለም።

አስቸጋሪው ነገር ክፍያው ከማሳየት ጋር መታሰሩ ነው። እንግዳው ከፍሏልና ሊያይ ይገባዋል፣ ካህኑም ተቀብሏልና ሊያሳይ ይገባዋል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ብራናው በሁለቱ መካከል የሽያጭ ዕቃ ይሆናል፤ ካህኑ ዛሬ አልገልጥም ቢል እንግዳው የተታለለ ይመስለዋል፣ ካህኑም ነገ የሚመጣው እንግዳ እንዳይቀርበት ይፈራል። ይህን እስር መፍታት የሚችለው ከሁለቱ ወገን ብዙ ያለው እንግዳው ነው። ስለዚህ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው፣ ተሳላሚም ይሁን ጎብኚ፣ የተወሰነውን ክፍያ በሙሉ ከፍሎ ብራናው በማኅደሩ እንዳለ ይቆይ ብሎ ይናገር፤ ከካህኑ የተሰጠውን እምነትና ጸበል ይቀበል፣ ያልተሰጠውን አበባም ሆነ ድንጋይ ይተው፤ የደብሩ አስተዳዳሪዎችም መጻሕፍቱ የሚገለጡባቸውን በዓላት ወስነው ለአስጎብኚዎች ያስታውቁ፣ በሌላው ቀን የመጣ እንግዳም መጽሐፉን ሳያይ እንደሚወርድ ከታች፣ ከከተማው ሳይነሣ ይነገረው።